የበሬ ዕድሜ በጥርሱ፣ የሾትገን ዕድሜስ? ርካሽ ባለ ሁለት አፈሙዝ ከመግዛት በፊት

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር ስትሄዱ መንገድ ላይ ካኮን ታገኛላችሁ። በገበያ ቀን ከደረሳችሁ በሬ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። የቆዳው ቀለም ቢያምረውም፣ የቀንዱ አወጣጥ ደስ ቢለውም፣ ብሩን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የበሬውን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል። ሻጩ የፈለገውን ዕድሜ ይንገረው፣ ጥርስ አይዋሽም።

ስለ ከብት ልጽፍ አይደለም። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ከእንግሊዝ ደውሎ፣ "አንቺ ኢንጂነር አይደለሽ? እስቲ ጠመንጃ ምረጪልኝ" አለኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ካኮ አካባቢ ያደገ ሰው ጠመንጃ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ከብት ጠባቂው ትከሻ ላይ የሚያየው ክላሽ ነው። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር። በርሚንግሃም አቅራቢያ አብረውት የሚሠሩ ልጆች አንድ ቅዳሜ ሸክላ ወደሚተኮስበት ክበብ ይዘውት ሄደው፣ በተዋሰው ጠመንጃ ተኩሶ፣ በቃ ልቡ እዚያው ቀረ። ፖሊስ ቤቱ ድረስ መጥቶ አነጋግሮታል፣ ከሐኪሙም መረጃ ተጠይቋል፣ በመጨረሻ የሾትገን ፈቃድ አግኝቷል። ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥንም ግድግዳው ላይ አሳስሯል። የቀረው ጠመንጃው ብቻ ነው። ያለው ገንዘብ ደግሞ 500 ፓውንድ። "ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው፣ አደራ" አለኝ።

የኔ ጥናት ብረት በተደጋጋሚ ጫና እንዴት እንደሚደክም ነው፤ ጠመንጃ አላውቅም። ግን ነገሩን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ሾትገን ማለት ሁለት ቧንቧ፣ አንድ ማጠፊያና አንድ መቀርቀሪያ ነው። የሚደክም ብረት ደግሞ የትም ቢሆን የሚደክመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ስለዚህ እሺ አልኩት፤ የተማርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር፦ በአገራችን ማንኛውም የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ አይያዝም። እንግዲህ ይህን የምታነቡት ገበያ ልትወጡ ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልታውቁ ነው።

አንድ ድንጋይ ወይስ አንድ እፍኝ ጠጠር?

ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥታችሁ ወፍ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? የአጎቴ ልጅ ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያ ላይ ነው። በወንጭፍ አንድ ድንጋይ ወርውራችሁ የምትበር ወፍ መምታት በጣም ከባድ ነው። አንድ እፍኝ ጠጠር ብትበትኑ ግን ከመካከላቸው አንዷ የመድረስ ዕድሏ ይጨምራል። በክላሽና በሾትገን መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። ክላሽ አንድ ጥይት ይልካል። ሾትገን ጠጠር ይበትናል።

በኦሎምፒክ ደንብ አንድ የሾትገን ጥይት የሚይዘው 24 ግራም እርሳስ ነው። ይህ እርሳስ በትንንሽ ክብ ፍሬዎች ተከፋፍሏል። የአንዷ ፍሬ ስፋት 2.4 ሚሊሜትር ነው እንበል። የሉልን ይዘት የምታሰሉበትን ቀመር አስታውሱና በእርሳስ እፍግታ አባዙት፤ አንዷ ፍሬ 0.08 ግራም ገደማ ትመዝናለች። 24ን ለ0.08 ስታካፍሉ 300 ይመጣል። አንድ ጊዜ ቃታ ሲሳብ 300 ጠጠር ይወጣል ማለት ነው፤ ያውም በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ እየበረረ።

ዒላማው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል፤ ስፋቱ 11 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም። ማሽን እያሽከረከረ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ድሮ በዚህ ቦታ የሚለቀቀው እውነተኛ ርግብ ነበር፤ በ1900 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሳይቀር። ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው በ1880 ገደማ ከሸክላ የተሠራ የሚበር ሳህን ስላመጣ ነው "የሸክላ ርግብ" የሚለው ስም የተረፈው። የአጎቴ ልጅ ይህን ለእናቱ በስልክ ሲነግራቸው፣ "ሸክላ ሠርተው መልሰው ሊሰብሩት?" ብለው አዘኑ። እውነታቸውን ነው፤ የአሪ ሴቶች አንድ ማሰሮ ለመሥራት ስንት ቀን እንደሚደክሙ ያውቃሉ። ደግነቱ የዛሬው ዒላማ ሸክላ አይደለም፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሬንጅ መሰል ነገር ተቀላቅሎ የተጋገረ ነው። ሲወረወር የሚችል፣ በጠጠር ሲነካ ግን የሚሰባበር እንዲሆን ታስቦ።

"በክላሽስ አይመታም?" ብሎ የጠየቀኝ የጎረቤት ልጅ አለ። አንዳንዴ ሊመታ ይችላል። ችግሩ ጥይቱ ሲስት ነው። የሾትገኗ ፍሬ ቀላል ስለሆነች አየር ቶሎ ያደክማታል፤ ከ200 እስከ 250 ሜትር ሄዳ መሬት ላይ ትወድቃለች። ተኩሱ ከሚደረግበት ሜዳ ፊት ለፊት ያን ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል፣ አለቀ። የክላሽ ጥይት ግን 8 ግራም ገደማ ነው፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ለቅሶም ይሁን ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት አየር ውስጥ አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ ይወርዳል። ሲወርድም ሰው ሊገድል ይችላል።

ወፏ ያለችበት ወይስ የምትደርስበት?

ሸክላው በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት በፊታችሁ እያቋረጠ ነው እንበል። ከናንተ 30 ሜትር ይርቃል። ጠጠሮቹ በ400 ቢነሱም አየር እየያዛቸው በመንገዱ ላይ አማካይ ፍጥነታቸው 320 ገደማ ይሆናል። 30ን ለ320 ስናካፍል 0.094 ሰከንድ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሸክላው 1.9 ሜትር ሄዷል! እሱ ላይ በትክክል ካነጣጠራችሁ ጠጠሩ ሁሉ ከኋላው ያልፋል። ቁመቱ ረጅም ከሆነ ሰው በላይ ያህል ከፊቱ ማነጣጠር አለባችሁ።

በወንጭፍ ያደገ ልጅ ይህን ሳያሰላ ያውቀዋል። የአጎቴ ልጅ ችግር ሌላ ነበር፣ እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

የፓሪሱን የ2024 ኦሎምፒክ እኛ ታምራት ቶላን ስንጠብቅ፣ የጓቲማላ ሰዎች ደግሞ አድሪያና ሩአኖን ይጠብቁ ነበር። ጂምናስቲክ ስትሠራ ጀርባዋን ተጎድታ ወደ ሸክላ ተኩስ የዞረች ሴት ናት። በፍጻሜው ከ50 ሸክላ 45ቱን ሰበረች፤ ለአገሯ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሆነ። በዚህ ውድድር ተኳሹ ጠመንጃውን የሚያዞርበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ነው ጠመንጃው ከተኳሹ አካል ጋር መስማማቱ ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው።

ለምን አንዱ በአንዱ ላይ?

ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ማድረግ የቆየ አሠራር ነው። አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ግን ሁለት ጥቅም አለው። መጀመሪያ፣ ዓይናችሁ የሚያየው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት ቧንቧ ጎን ለጎን ሲሆን ግን እይታን ሰፋ አድርጎ ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ የታችኛው አፈሙዝ ወደ ትከሻችሁ ቁመት ስለሚቀርብ ሲተኮስ ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ አፉን ወደ ላይ ብዙም አያነሳም። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚተኮሰው የታችኛው፤ ለሁለተኛው ዒላማ ቶሎ ትዘጋጃላችሁ።

ዓይነቱን በዓለም ያስፋፋው ጆን ብራውኒንግ ነው። አሜሪካዊ ሲሆን የሞተው ግን በ1926 ቤልጅየም፣ ሊዬዥ ውስጥ፣ ሥራ ላይ እያለ ነው፤ ያላለቀውን ልጁ ቫል ጨረሰው፣ በ1931 ለገበያ ቀረበ። (አያቶቻችን "በልጅግ" የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ቤልጅየም ነው። "ውጅግራ" ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ፣ "ምንሽር" ከማንሊኸር እንደመጣው ሁሉ። የአማርኛ የጠመንጃ ስሞች የፋብሪካ ታሪክ ናቸው፤ አንድ ቀን ለብቻው እጽፍበታለሁ።)

ታዲያ ለምን ይወደዳል? ሁለቱ ቧንቧዎች እኩል ተጎዳኝተው ቢሄዱ እንኳ በቂ አይደለም። ሲተኮስ ጠመንጃው ስለሚንቀሳቀስ፣ ሁለቱም በ35 ሜትር ላይ አንድ ቦታ እንዲመቱ ተደርገው በጥንቃቄ መበየድ አለባቸው። 75 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ ጫፉ ላይ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ከቦታው ቢስት፣ 35 ሜትር ላይ ስህተቱ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በ3 ሚሊሜትር ቢስት 14። ይህን ለማስተካከል ድሮ የሠለጠነ እጅ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በቱርክ ኮንያ ግዛት ያሉ ፋብሪካዎች በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን እየቆረጡ ዋጋውን በጣም አውርደውታል። ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም ማለት ነው። ግን የቱ ላይ ቆጥበው እንዳረከሱት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ጠመንጃዎች

የአጎቴ ልጅ አንድ ያገለገሉ ጠመንጃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ሄዶ በቪዲዮ ሁለት አሳየኝ። የመጀመሪያው ጎኑ ላይ ወርቅማ ዳክዬዎች ተቀርጸውበታል፣ ሰደፉ የሚያምር የዋልነት እንጨት፣ ሲነሳም ቀለል ይላል፤ 450 ፓውንድ። ሁለተኛው ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው፣ ሰደፉ ላይ ጭረት ያለበት፣ ከበድ የሚል፤ 480። ልቡ የቱ ላይ እንዳለ ከድምፁ ያስታውቃል።

"ከላይ ያለችውን መክፈቻ ቁልፍ ዝጋና ካሜራውን አስጠጋልኝ" አልኩት።

ጥርሱ እሷ ናት። ጠመንጃው ተከፍቶ ሲዘጋ ውስጥ ያለ መቀርቀሪያ ወደ ማረፊያው ይገባል። መቀርቀሪያው ዘቅዘቅ ተደርጎ የተሞረደ ስለሆነ፣ ብረቱ እየተፋቀ ሲሄድ ትንሽ ትንሽ ጠልቆ እየገባ ክፍተቱን ይሞላል። ከእሱ ጋር የተያያዘችው ቁልፍም አብራው ትዞራለች። አዲስ ጠመንጃ ላይ ቁልፏ ከመሀሉ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ነው የምትቆመው። በሺዎች ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ መሀል ላይ ትደርሳለች። ከመሀል አልፋ ወደ ግራ ከሄደች መቀርቀሪያው መጨረሻው ላይ ነው። ሻጭ ሰደፉን በዘይት ሊያሸው፣ ብረቱን ሊያጠቁረው ይችላል። ይህችን ግን መልሶ ለማስተካከል ብረት ተጨምሮ እንደገና መሞረድ አለበት፣ ያ ደግሞ ውድ ነው።

የዳክዬው ቁልፍ ወደ ግራ አልፋለች። የጥቁሩ ገና ከመሀሉ በስተቀኝ።

ቀጥሎ የፊት እንጨቱን አውልቆ፣ ጠመንጃውን ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ እንዲነቀንቀው ነገርኩት። ባዶ መሆኑን ሁለቴ ካየ በኋላ ነው ታዲያ፤ ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ሌላ ሰው ቢነግራችሁም በራሳችሁ ዓይን ነው የምታዩት። የመጀመሪያው በስልክ እንኳ "ቀጭ ቀጭ" ሲል ሰማሁት። ማጠፊያው ላልቷል። አፈሙዙ ከግንባሩ ብረት ጋር በሚገጥምበት ቦታ ብርሃን ይታይ እንደሆነ ወደ መስኮት አዙሮ አየ፤ ቀጭን የብርሃን ክር አለ። ሁለተኛው ዝም ያለና የጨለመ።

"ትንሽ ቢላላ ምን ያደርገዋል? ደግሞ 30 ፓውንድ ይረክሳል" አለኝ። እዚህ ላይ ነው ቁጥር የሚያስፈልገው። በአውሮፓ መስፈርት ለመደበኛ ባለ 12 ካሊበር ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 740 ባር ነው። የቀለሁ የኋላ ስፋት 3.2 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አባዙት፦ 24 ሺህ ኒውተን፣ ማለትም የ2.4 ቶን ክብደት ያህል። ሰባት በሬ በአንድ ሳንቲም ላይ ቢቆሙ እንደማለት ነው። የሚቆየው ከሺህ አንድ ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ ነው፣ ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ይመጣል፤ የሚመጣውም ከፊታችሁ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። ብረት ተጣብቆ ሲሸከም አንድ ነገር ነው። ክፍተት ካለ ግን መሸከም ቀርቶ መመታት ይጀምራል፣ መዶሻ እንደሚያርፍበት። ብረት የሚደክመው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ይሄ የኔ የየዕለት ሥራ ነው። ላላ ያለ ጠመንጃ በዚያው ቀን ይፈነዳል አልልም፤ በየተኩሱ እየባሰበት ይሄዳል ነው የምለው።

ሌላ የተመለከትነው የማረጋገጫ ማህተም ነው። በርሚንግሃም ከ1813 ጀምሮ ማረጋገጫ ቤት አላት፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ ከመደበኛው በላይ ግፊት ባለው ጥይት ተተኩሶ ከተረፈ ማህተም ይመታበታል። የፈረንሳይዋ ሴንት ኤትየንና የጣሊያኗ ጋርዶኔም እንዲሁ አላቸው። ማህተሙ የተወለደበትን ቀን ጤንነት እንጂ የዛሬውን አይናገርም፤ ሆኖም ከሌለ ጨርሶ አይገዛም።

ክብደቱንስ? ቀላል ጠመንጃ ሲያነሱት ደስ ይላል። 300ዎቹ ፍሬዎች፣ ባሩዱና መዘጊያው አንድ ላይ ወደ ፊት ሲሄዱ ጠመንጃው 11.5 ኪሎግራም ሜትር በሰከንድ የሚያህል ግፊት ወደ ኋላ ይቀበላል። ጠመንጃው 3.5 ኪሎ ከሆነ በሰከንድ 3.3 ሜትር ወደ ትከሻችሁ ይመጣል፣ ጉልበቱም 19 ጁል ገደማ ነው። 2.8 ኪሎ ከሆነ ግን 24 ጁል ይጠጋል። ጥይቱ ያው ነው፣ ትከሻው ላይ የሚደርሰው አንድ አራተኛ ያህል ጨመረ። ለአደን ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ሁለት ጊዜ ለሚተኩስ ሰው ቀላሉ ይሻላል። በአንድ ጠዋት 100 ጊዜ ለሚተኩስ ሰው ግን ክብደት ወዳጅ ነው፤ የሚዞርበትም ፍጥነት የተረጋጋ ይሆናል።

ሰደፉ ላይ ያለው ጭረት ምንም አይደለም። ርዝመቱና ቁመቱ ግን ነገር ነው። የሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ ዓይናችሁ ራሱ ስለሆነ፣ ጉንጫችሁ እንጨቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በትንሹ ቢቀየር ጠጠሩ የሚሄድበት ይቀየራል። የበና ሽማግሌ የገዛ ቦርኮቶውን ትቶ በሰው ቦርኮቶ ላይ ሲቀመጥ አይታችሁ ከሆነ አለመመቸት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሱቅ ውስጥ ዓይንን ጨፍኖ ጠመንጃውን ጉንጭ ላይ አሳርፎ ዓይንን መክፈት ነው፤ የምታዩት ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ይስማማችኋል። የአጎቴ ልጅ እጁ ረጅም ስለሆነ ጥቁሩ ትንሽ አጠረው፤ ከኋላ የሚጨመር የላስቲክ ትራስ ግን ርካሽ ነው።

ጥቁሩን ገዛ። ዳክዬዎቹን እያየ እየቆጨው።

ወረቀት ላይ የተቆጠሩ ቀዳዳዎች

ከገዛ በኋላ አንድ ሥራ ሰጠሁት፦ በ36 ሜትር ገደማ ርቀት ትልቅ ወረቀት ሰቅሎ ከእያንዳንዱ አፈሙዝ እንዲተኩስ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው ሁለቱ አፈሙዞች አንድ ቦታ መምታታቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጠጠሩ ስብስብ ጥግግት።

ጥግግቱን የሚወስነው የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት ነው፣ ቾክ ይሉታል። የውሃ ጎማን አፍ በጣታችሁ ጠበብ ስታደርጉት ውሃው እንደሚርቅ አስቡት፤ ምሳሌው ፍጹም አይደለም፣ ግን ይረዳል። አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲጠብ፣ በ36 ሜትር ላይ ስፋቱ 76 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ከጠጠሮቹ 70 በመቶ ያህሉ ያርፋሉ። ጥበት ከሌለው 40 በመቶ ገደማ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል? እናስላው። የክቡ ስፋት 4,536 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ሸክላው በጎኑ ሲታይ ቀጭን ነው፣ 27 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ። ከ300 ጠጠር 70 በመቶው 210 ነው፤ ጠጠሮቹ እኩል ተበትነዋል ብለን ብናስብ ሸክላው ላይ በአማካይ 1.3 ጠጠር ይደርሰዋል። ጥበት በሌለው 0.7። አማካይ 1.3 ሲሆን ምንም ያለመነካት ዕድሉ 27 በመቶ፣ 0.7 ሲሆን 50 በመቶ ገደማ ይሆናል (የፖይሰን ስርጭት የተማራችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ)። አስተውሉ፦ ፍጹም በትክክል አነጣጥራችሁም፣ በዚህ ርቀት ግማሽ ያህል ጊዜ ሸክላው በጠጠሮቹ መሀል ሾልኮ ያልፋል ማለት ነው። በእውነተኛው ወረቀት ላይ መሀሉ ስለሚጠጋጋ ነገሩ ከዚህ ይሻላል፣ ግን አቅጣጫው ይኸው ነው። ሸክላው ቅርብ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው፤ ጠባቡ ስብስብ ገና ስላልተበተነ መሳት ይቀላል። ስለዚህ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አንዱን ሰፊ አንዱን ጠባብ አድርጎ ለሁለት ርቀት ይዘጋጃል። የሚፈታና የሚቀየር ቾክ ካለው፣ ለዚያ ጥቂት ፓውንድ መጨመር ለዳክዬ ሥዕል ከመክፈል እጅግ ይሻላል።

የወረቀቶቹን ፎቶ ሲልክልኝ የታችኛው አፈሙዝ መሀሉን መቷል። የላይኛው አንድ ስንዝር የማይሞላ ያህል ከፍ ብሏል። ለ480 ፓውንድ ይህን እቀበላለሁ አልኩት፤ አወቀው አይደል፣ በሁለተኛው ሲተኩስ ትንሽ ዝቅ ይላል።

የመጀመሪያ ቀን ከ25 ሸክላ የሰበረው 9 ነው። በወንጭፉ ይኮራ ስለነበር ደውሎ ጠመንጃውን ወቀሰ። ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ ሳየው ከፊት ማነጣጠሩ ትክክል ነው፤ ግን ቃታውን ሲስብ እጁን ያቆመዋል። ሰው "ተኩስ" ብሎ ወስኖ ጣቱ እስኪታዘዝ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ጠመንጃው በዚያ ጊዜ ከቆመ ሸክላው 4 ሜትር ሄዷል፣ የቀደመው ሁለት ሜትር ተበልቶ አልቋል። አጎቴ አጠገቤ ሾፎሯቸውን እየጠጡ ሰምተው፣ "ወንጭፍ ከለቀቅክ በኋላ እጅህ ይቆም ነበር እንዴ?" አሉት። ዝም አለ። በሦስተኛው ሳምንት 16 ሰበረ።

ያልነገርኩት አንድ ሒሳብ ነበር፣ ራሱ ደረሰበት። በሳምንት 100 ጊዜ ቢተኩስ በዓመት 5,200 ጥይት ነው፤ ባለ 24 ግራም ሲሆን 125 ኪሎ እርሳስ ሜዳ ላይ ይበተናል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ወፎች ለመፍጨት እንደሚውጡት ጠጠር ፍሬዋን ይለቅሟትና ይሞታሉ። ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ረግረጋማ ቦታዎች ላይ በእርሳስ መተኮስን የከለከለው። ጨው ባሕርና ጫሞ ላይ ስንት ዓይነት የውሃ ወፍ እንደሚያርፍ ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። በብረት ፍሬ መተካት ይቻላል፤ ግን ብረት እንደ እርሳስ ስለማይለሰልስ በጣም ጠባብ የሆነ ያረጀ ቾክ ሊጎዳ ይችላል። ያገለገለ ጠመንጃ ስትገዙ ለብረት ፍሬ መፈተኑን የሚያሳይ የአበባ ምልክት ማህተም መኖሩን ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው። የአጎቴ ልጅ ጠመንጃ ላይ ምልክቱ የለም።

ገንዘቡም አለ። የአንድ ዓመት ጥይት ከጠመንጃው ዋጋ በላይ ሆኖ አገኘው። አሁን የሚሄደው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፣ ለ25 ሸክላ ብቻ።